የጠረጴዛ ገጽ ስንጥቅ፦ ጥፋቱ ከኮላው ሳይሆን ከአተሳሰሩ

ጥያቄው በአጭሩ እንዲህ ነው። አንድ አንባቢ በቤታቸው ባለች አነስተኛ የእንጨት መሥሪያ ክፍል የምግብ ጠረጴዛ ሠርተዋል። ገጹን የሠሩት እያንዳንዳቸው 16 ሴንቲ ሜትር ስፋትና 25 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያላቸውን አምስት ጣውላዎች ጎን ለጎን በኮላ በማጣበቅ ሲሆን፣ ጠቅላላ ስፋቱ 80፣ ርዝመቱ 160 ሴንቲ ሜትር ነው። እንዳይጣመም በማሰብ ከሥሩ ሦስት አግዳሚዎችን በኮላና በቪቴ አጥብቀው አስረዋል፤ በሁለቱም ጫፎች ላይ የቃጫውን ጫፍ የሚሸፍን ጣውላ ከዳር እስከ ዳር በኮላ ለጥፈዋል። የላይኛውን ገጽ ሦስት ጊዜ ቫርኒሽ ሲቀቡ፣ የታችኛውን ስለማይታይ ትተውታል። ሥራው ያለቀው በእርጥቡ ወቅት ነበር። አየሩ ከደረቀ በኋላ ግን 4 ሚሊ ሜትር ያህል የሰፋ ስንጥቅ ከአንዱ ጫፍ ተነሥቶ 40 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ውስጥ ገባ፤ የገጹ ሁለት ጠርዞችም በትንሹ ወደ ላይ ተነሡ። ስንጥቁ ከመጋጠሚያው መሥመር አጠገብ እንጂ በመሥመሩ ላይ አይደለም፤ ውስጡም የተቀደደ ቃጫ ይታይበታል። አንድ ወዳጃቸው ኮላው ደካማ ነው ሲላቸው፣ ሌላው እንጨቱ አልደረቀም ብሏቸዋል። የሚጠይቁት ስንጥቁን በሰጋቱራና በኮላ ሞልተው፣ አግዳሚ ጨምረው፣ ቫርኒሹንም አወፍረው ጠረጴዛውን ማዳን ይችሉ እንደሆነ ነው።

ካሰቧቸው ሦስት መፍትሔዎች አንዱም አያድነውም፤ ሁለቱ እንዲያውም ጉዳቱን ያብሳሉ። ጠረጴዛው ግን የሚድን ነው፤ ጣውላዎቹም አይጣሉም። መለወጥ ያለበት ገጹ ከአግዳሚዎቹና ከጫፍ ጣውላዎቹ ጋር የታሰረበት መንገድ ነው፤ እንጨቱ እንዳይንቀሳቀስ አድርገው አሥረውታልና።

በመጀመሪያ ኮላውን ከክሱ ነጻ ማድረግ ይገባል። ኮላ ሲከዳ መጋጠሚያው በራሱ መሥመር ላይ ይለያያል፤ በሁለቱም ፊቶች ላይ ለስላሳና የሚያብረቀርቅ የኮላ ሽፋን ይቀራል፤ የተቀደደ ቃጫ አይገኝም። ይህ የሚደርሰው ጠርዞቹ በደንብ ሳይላጉ ሲቀሩ፣ ኮላው ከመጨመቁ በፊት ቆዳ ሲያበጅ፣ ወይም ሥራው በብርድ ሲሠራ ነው፤ ነጩ የእንጨት ኮላ ከ10 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች በአግባቡ አይያዝም። እርስዎ የገለጹት ግን የዚህ ተቃራኒ ነው። መሥመሩ ጸንቶ ከአጠገቡ ያለው እንጨት ተቀድዷል። በደንብ የተሠራ የጎን ለጎን መጋጠሚያ ከእንጨቱ የመቀደድ ጥንካሬ ይበልጣልና፣ ኃይሉ ሲበረታ የሚሸነፈው እንጨቱ ነው። ስለዚህ ኮላ መቀየር፣ ወይም በመጋጠሚያው ውስጥ የእንጨት ካስማ መጨመር፣ ያለዎትን ችግር አይነካውም። ካስማ ጣውላዎቹን በሚያጣብቁበት ጊዜ አስተካክሎ ለመያዝ ይረዳል፤ ከዚያ ያለፈ ጥቅም አይጠበቅበትም።

«እንጨቱ አልደረቀም» የሚለው አስተያየት ወደ እውነቱ የቀረበ ቢሆንም አሳሳች ነው፤ ድርቀት አንዴ ተደርሶበት የሚቀር ደረጃ ነው የሚል እምነት ከኋላው አለና። አዲስ በተቆረጠ ግንድ ውስጥ ውኃ በሁለት መልክ ይገኛል፤ አንዱ በቃጫዎቹ ክፍት ቦታ ውስጥ የሞላው ሲሆን፣ ሁለተኛው በቃጫዎቹ ግድግዳ ውስጥ የተያዘው ነው። የመጀመሪያው ሲወጣ እንጨቱ ይቀላል እንጂ መጠኑ አይለወጥም። መኮማተር የሚጀምረው የእርጥበቱ መጠን ከደረቁ እንጨት ክብደት 28 ወይም 30 በመቶ ገደማ ላይ ሲደርስና ከግድግዳዎቹ ውኃ መውጣት ሲጀምር ነው። ከዚያ በኋላ እንጨቱ ከአየሩ ጋር ይመዛዘናል፤ አየሩ ሲደርቅ ይሰጣል፤ ሲረጥብ መልሶ ይወስዳል። በ20 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ የአየሩ አንጻራዊ እርጥበት 75 በመቶ ሆኖ ከቆየ እንጨት 14 በመቶ ገደማ ላይ ይረጋል፤ 50 በመቶ ከሆነ ወደ 9፣ 35 በመቶ ከሆነ ደግሞ ወደ 7 በመቶ ይወርዳል። ይህ መውሰድና መስጠት ከመቶ ዓመት በፊት በተሠራ ዕቃ ላይም ሳይቋረጥ ይቀጥላል። በምድጃ የደረቀ ጣውላ ቢገዙም፣ በእርጥበታማ ክፍል ውስጥ ጥቂት ሳምንታት ከተቀመጠ ከክፍሉ አየር ጋር ተመዛዝኖ ያገኙታል።

እንቅስቃሴው በሁሉም አቅጣጫ እኩል አይደለም፤ የጠረጴዛዎ ጉዳይ የሚወሰነውም በዚህ ነው። እንጨት በአንድ ላይ እንደታሰረ የሸምበቆ ነዶ ነው፤ እያንዳንዱ ቃጫ ሲጠጣ ይወፍራል፣ ሲደርቅ ይቀጥናል፤ ርዝመቱ ግን እምብዛም አይነካም። በቃጫው ርዝመት የሚታየው ለውጥ ከእርጥብ ግንድነት እስከ ፍጹም ድርቀት ድረስ ብዙውን ጊዜ ከ0.1 እስከ 0.2 በመቶ ብቻ ስለሆነ ለዕቃ ሥራ ከቁጥር አይገባም። በስፋቱ በኩል ግን ሁኔታው ሌላ ነው። የዕድገት ቀለበቶቹን ተከትሎ የሚኖረው መኮማተር፣ ከእምብርቱ ወደ ልጡ በሚወስደው አቅጣጫ ካለው እጥፍ ገደማ ይሆናል። ከዛፍ ዛፍም ይለያያል፤ በቀለበቱ አቅጣጫ ቲክ 6 በመቶ ገደማ ሲኮማተር ቢች ወደ 12 በመቶ ይደርሳል። ለግምት የሚበቃ ደንብ ብሰጥዎት፣ ቀለበቶቹ ከገጹ ጋር ተጋድመው በሚታዩበት ተራ ጣውላ ላይ፣ እርጥበቱ በ1 በመቶ በተለወጠ ቁጥር ስፋቱ በ0.3 በመቶ ገደማ ይለወጣል። ቀለበቶቹ ለገጹ ቀጥ ብለው በቆሙበት ጣውላ ላይ ግን የዚህ ግማሽ ያህል ብቻ ነው።

አሁን ሒሳቡን በእርስዎ ጠረጴዛ ላይ ያድርጉት። ጠረጴዛው በእርጥቡ ወቅት 14 በመቶ ላይ ሳለ ተሠርቶ፣ በደረቁ ወቅት 8 በመቶ ላይ ቢደርስ ለውጡ 6 በመቶ ነው። 800 ሚሊ ሜትርን በ0.003፣ ከዚያም በ6 ሲያባዙ 14 ሚሊ ሜትር ይመጣል። በአንጻሩ ከሥር ያሰሯቸው አግዳሚዎችና በጫፍ የለጠፏቸው ጣውላዎች ቃጫቸው በጠረጴዛው ስፋት አቅጣጫ የሚሄድ በመሆኑ ርዝመታቸው አልተለወጠም። ገጹ በ14 ሚሊ ሜትር ልጥበብ ሲል እነርሱ «80 ሴንቲ ሜትር ላይ ቁም» ብለው ያዙት። ከዚያ ውስጥ የተወሰነው በእንጨቱ መለጠጥና በአግዳሚዎቹ መታጠፍ ተቻለ፤ የቀረው 4 ሚሊ ሜትር ስንጥቅ ሆኖ ወጣ። ስንጥቁ ከጫፉ የጀመረውም እዚያ ላይ የተለጠፈው ጣውላ ከዳር እስከ ዳር በኮላ ስለያዘው፣ እንዲሁም የጣውላ ጫፍ ከመካከሉ ቀድሞ ስለሚደርቅ ነው።

የጠርዞቹ መነሣትም ከዚሁ ምክንያት የመጣ ነው። ብዙ ሰው ይህን የሚያመካኘው ባልተቀባው የታች ገጽ ላይ ነው። ነገር ግን አቅጣጫውን ልብ ይበሉ። የታችኛው ገጽ ባዶ ስለሆነ ብቻ ቀድሞ ደርቆ ቢሆን ኖሮ፣ የሚጠበው ታችኛው ገጽ ስለሚሆን ጠርዞቹ ወደ ታች ይወርዱ፣ መካከሉም ወደ ላይ ያብጥ ነበር። የእርስዎ ተቃራኒውን ያሳየው አግዳሚዎቹ የታችኛውን ገጽ እንዳይጠብ ስለያዙትና የላይኛው ብቻ ስለጠበበ ነው። ባዶ መተዉ ስሕተት መሆኑ አልቀረም፤ አግዳሚዎቹን ካነሡ በኋላ ብቻውን ችግር ይፈጥራልና።

ቫርኒሽን በሚመለከት ያለው የተሳሳተ እምነት ሥር የሰደደ ነው። የትኛውም ቅብ እንጨትን ከአየር እርጥበት ሙሉ በሙሉ አይነጥልም። ቫርኒሽ የሚያደርገው ልውውጡን ማዘግየት ነው፤ ይህም ትልቅ ጥቅም አለው፤ የቀንና የሌሊት ወይም የጥቂት ሳምንታት መለዋወጥ ወደ ውስጥ ከመዝለቁ በፊት ያልፋል። ወራት የሚቆይ ደረቅ ወቅትን ግን አያቆመውም፤ ሦስቱን ቅብ ስድስት ቢያደርጉት ስንጥቁ ይዘገይ ይሆናል እንጂ አይቀርም። ሰምና የተልባ ዘይት በዚህ ረገድ ከቫርኒሽ በብዙ ያንሳሉ፤ ለመልክና ለመዳሰስ እንጂ ለእርጥበት መከላከያ ሊመረጡ አይገባም። ከቅቡ ዓይነትና ውፍረት የሚበልጠው ደንብ፣ ላይና ታቹ በተመሳሳይ ቅብ፣ በተመሳሳይ ብዛት መቀባታቸው ነው፤ ሁለቱ ገጾች እኩል ከዘገዩ ገጹ ቢጠብም ቀጥ ብሎ ይጠባል።

ስንጥቁን መሙላት ለምን እንደምቃወም በግልጽ ልናገር፤ ከሦስቱ ሐሳቦች ይበልጥ የሚያጓጓው እርሱ ነውና። አሁን ስንጥቁ የተከፈተው እንጨቱ በጣም በጠበበበት ወቅት ነው። በሰጋቱራና በኮላ ሲሞሉት በ4 ሚሊ ሜትር ክፍተት ውስጥ ጠንካራ ሽብልቅ አስገቡ ማለት ነው። እርጥቡ ወቅት ሲመለስ ጣውላው ይሰፋል፤ የሚሰፋበት ቦታ ግን ተይዟል። ያን ጊዜ ወይ በሽብልቁ ዙሪያ ያለው ቃጫ ይጨፈለቃል፣ ወይም ስንጥቁ ከጫፉ አልፎ ወደ ውስጥ ይረዝማል። የተጨፈለቀ ቃጫ ደግሞ ወደ ቀድሞ መጠኑ አይመለስም፤ በሚቀጥለው ደረቅ ወቅት ክፍተቱ ከበፊቱ ሰፍቶ ይታያል። በየዓመቱ ቢሞሉት በየዓመቱ ያድጋል። አግዳሚ መጨመርም እስሩን ማጥበቅ ስለሆነ ሌላ ስንጥቅ ይጋብዛል።

ሥራውን የሚጀምሩት እስሩን በመፍታት ነው። ቪቴዎቹን ሁሉ ያውጡ። አግዳሚዎቹ በኮላም ስለተያዙ በመሮ ለመፈልቀቅ አይሞክሩ፤ ከገጹ ቃጫ ነቅለው ይወጣሉ። አብዛኛውን ውፍረታቸውን በመጋዝ ቆርጠው፣ የቀረውን በእጅ መላጊያ እስከ ገጹ ድረስ ይጨርሱት። የተሰበረ ወይም የተረሳ ቪቴ ካለ የመላጊያውን ስለት ያጠፋል፤ በኤሌክትሪክ መጋዝ ላይ ደግሞ አደጋ ያመጣል፤ ስለዚህ እያንዳንዱን ቀዳዳ አንድ በአንድ ይመልከቱ። የጫፍ ጣውላዎቹን ከመጋጠሚያቸው ጥቂት ሚሊ ሜትር ወደ ውስጥ ገብተው ቆርጠው ያስወግዷቸው። የጠረጴዛው ርዝመት በጥቂቱ ያጥራል፤ ይህ የጥገናው ዋጋ ነው።

ቀጥሎ ያለውን እርምጃ ብዙዎች በችኮላ ይዘሉታል። ነጻ የወጣውን ገጽ ጠረጴዛው በሚኖርበት ክፍል ውስጥ፣ እኩል ውፍረት ባላቸው ቀጫጭን እንጨቶች ላይ አስተኝተው ከላይም ከታችም አየር እንዲያገኘው ያድርጉ። በላዩ ላይ ያለው ቫርኒሽ የአንዱን ገጽ ልውውጥ ስለሚያዘገየው አስቀድመው ቢፍቁት ይመረጣል። በየሳምንቱ ይመዝኑት። ክብደቱ በተከታታይ ሁለት ሳምንታት ካልተለወጠ እንጨቱ ከክፍሉ አየር ጋር ተመዛዝኗል። የጠርዞቹ መነሣት አብዛኛው በዚህ ጊዜ ውስጥ በራሱ ይስተካከላል፤ የሚቀረውን አሁን በመላጊያ ለማጥፋት አይቸኩሉ። የእርጥበት መለኪያ መሣሪያ ካለዎት ይጠቀሙበት፤ ሆኖም አጫጭር መርፌ ያላቸው መለኪያዎች የሚነግሩዎት ከገጹ ጥቂት ሚሊ ሜትር በታች ያለውን ብቻ ነው። ትክክለኛውን ቁጥር የሚፈልግ ሰው ከተቆረጠው ቁራጭ ላይ ናሙና ወስዶ ይመዝን፤ በ103 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ክብደቱ መቀነስ እስኪያቆም ያድርቀውና እንደገና ይመዝን፤ ልዩነቱን በደረቁ ክብደት አካፍሎ በ100 ቢያባዛ የእርጥበቱን መቶኛ ያገኛል።

ገጹ ሲረጋ የተሰነጠቀውን ጣውላ በጫፉ በኩል ይመርምሩ። የቀለበቶቹ ማዕከል፣ ማለትም የግንዱ እምብርት፣ በዚያ ጣውላ ውስጥ ከታየ ጣውላውን በሙሉ ይቀይሩት። በእምብርቱ ዙሪያ ያለው እንጨት በሁለት አቅጣጫ በተለያየ መጠን ስለሚኮማተር፣ ምንም ዓይነት አተሳሰር ቢደረግለት ከመሰንጠቅ አይድንም። እምብርት ከሌለው ግን በስንጥቁ መሥመር ከጫፍ እስከ ጫፍ ቀድደው ለሁለት ይክፈሉት፣ ሁለቱን ጠርዞች በመላጊያ አስተካክለው መልሰው ያጣብቁ። በመጋዙና በመላጊያው መካከል ከጠቅላላው ስፋት 5 ወይም 6 ሚሊ ሜትር ያጣሉ፤ አዲሱ መጋጠሚያ ግን ከሌሎቹ ተለይቶ አይታወቅም። ይህን ቅደዳ በእጅ መጋዝ ወይም በጂግሶው (ቀጭን ምላጩ ወደ ላይና ወደ ታች በሚመላለስ የኤሌክትሪክ መጋዝ) ያድርጉት። የተጣመመ ገጽ በጠረጴዛ መጋዝ ላይ ይንቀጠቀጣል፤ በውስጡ የታመቀው ውጥረትም ሲፈታ ክፍተቱ ምላጩን ቆንጥጦ እንጨቱን በኃይል ወደ ሠራተኛው ሊወረውረው ይችላል።

ሲያጣብቁ ሁለቱ ጠርዞች ያለ ሞርሴቶ (ጣውላዎችን ጨምቆ የሚይዝ መሣሪያ)፣ እርስ በርስ ተደግፈው ብቻ ብርሃን የማያሳልፉ መሆን አለባቸው፤ ሞርሴቶ ኮላውን ለማሳሳት እንጂ ያልገጠመውን በግድ ለማስገጠም አይደለም። ከሥርና ከላይ እያፈራረቁ ይጠርቁት፤ ሁሉም በአንድ ወገን ከሆኑ ገጹን ያጎብጡታል። ከተጣበቀ በኋላ ቢያንስ አንድ ሙሉ ቀን፣ ቢቻል ሁለትና ሦስት ቀን፣ ሳይልጉት ይቆዩ። ኮላው ውስጥ ያለው ውኃ በመሥመሩ ዙሪያ ያለውን እንጨት ያሳብጠዋል፤ እብጠቱ ሳይጎድል ቢላግ፣ ሲደርቅ መሥመሩ ወደ ውስጥ ሰጥሞ ከቫርኒሹ ሥር እንደ ቦይ ይታያል።

ጣውላዎቹን ከእንደገና ለመደርደር የሚያስቡ ከሆነ አንድ የተሳሳተ ምክር እንዳይከተሉ ላሳስብ። ጠባብ ጣውላዎችን ብዙ አድርጎ ማጣበቅ ጠቅላላውን እንቅስቃሴ አይቀንስም፤ 80 ሴንቲ ሜትር ገጽ ከአምስት ጣውላ ቢሠራም ከአሥር፣ የስፋቱ ለውጥ ያው ነው። የሚቀንሰው የእያንዳንዱ ጣውላ መጎበጥ ነው። ለውጡን በእርግጥ የሚቀንሰው ቀለበቶቻቸው ለገጹ ቀጥ ብለው የቆሙ ጣውላዎችን መምረጥ ነው። ቀለበቶቹን አንዴ ወደ ላይ፣ አንዴ ወደ ታች ማፈራረቅ ግድ ነው የሚሉ አሉ። ማፈራረቁ አንዱን ትልቅ ጉብታ ወደ ብዙ ትንንሽ ሞገዶች ይከፋፍለዋል፤ እኔ ግን የቃጫው አቅጣጫ ለመላጊያ የሚመቸውን፣ መልኩም የሚያምረውን ገጽ ወደ ላይ ማድረግን አስቀድማለሁ፤ ገጹ በአግባቡ ወደ ታች ከተያዘ አንዱን ሰፊ ጉብታ ማረም ይቀላልና።

አሁን ወደ ዋናው ነገር፣ ወደ አተሳሰሩ እንመለስ። ገጹ ወደ ታች ተይዞ በስፋቱ ግን ነጻ መሆን አለበት። ይህን የሚያደርጉ በርካታ መንገዶች አሉ፤ ለእርስዎ የምመክረው ሞላላ ቀዳዳዎች ያሏቸው አግዳሚዎችን ነው፤ በትራፓኖና በትንሽ ሞረድ ብቻ ይሠራል። በእያንዳንዱ አግዳሚ መካከል ላይ አንድ ክብ ቀዳዳ ይብሱ፤ ይህ ገጹን በመካከሉ ስለሚይዘው እንቅስቃሴው ወደ ሁለቱም ጎን እኩል ይከፈላል። በሁለቱ ጫፎች አጠገብ ያሉት ቀዳዳዎች ግን በአግዳሚው ርዝመት አቅጣጫ የረዘሙ ይሁኑ። ጠቅላላው ለውጥ 14 ሚሊ ሜትር ከሆነ ዳር ላይ ያለ ቪቴ የሚሄደው 7 ሚሊ ሜትር ነው፤ ስለዚህ ለ5 ሚሊ ሜትር ቪቴ 14 ሚሊ ሜትር ርዝመት ያለው ቀዳዳ በቂ ትርፍ ይሰጣል። ከመካከሉ ጋር በቀረቡ ቁጥር ቀዳዳዎቹ ሊያጥሩ ይችላሉ። ከቪቴው ራስ ሥር ሮንዴላ (መካከሉ የተበሳ ክብ ጠፍጣፋ ብረት) ያድርጉ፤ እስኪይዝ ያጥብቁና ሩብ ዙር ይመልሱት፤ አግዳሚው ገጹን በሚነካበት በኩል ሰም ይቀቡት። በአግዳሚውና በገጹ መካከል አንድ ጠብታ ኮላ እንኳ አይግባ።

ቪቴው በሞላላው ቀዳዳ ውስጥ የሚቆምበት ቦታ ከወቅቱ ጋር መስማማት አለበት፤ ጥንቁቅ የሆኑ ሰዎችም ሳይቀሩ የሚስቱት ይህን ነው። በደረቁ ወቅት ሲገጥሙ ገጹ በጣም ጠብቦ ስለሆነ ከዚህ በኋላ የሚቀረው መስፋት ነው፤ ስለዚህ ቪቴው ወደ መካከሉ በሚያዘነብለው የቀዳዳው ጫፍ ላይ ይቁም፤ ወደ ውጭ የሚሄድበት ቦታ እንዲያገኝ። በእርጥቡ ወቅት የሚገጥም ሰው ተቃራኒውን ያድርግ። ሁልጊዜ በመካከል ማስቀመጥ የቀዳዳውን ግማሽ ጥቅም ያስቀራል፤ ልክ ለግማሹ እንቅስቃሴ ብቻ እንደተሠራ ይሆናል።

እግሮቹን የሚያያይዙ የዙሪያ አግዳሚዎች ያሉት ጠረጴዛ ከሆነ ትንንሽ የእንጨት መያዣዎችም እጅግ ጥሩ ናቸው። በዙሪያ አግዳሚው ውስጠኛ ገጽ ላይ ቦይ ይወጣለታል፤ የመያዣው ምላስ በቦዩ ውስጥ ይገባል፤ መያዣው በገጹ ላይ በቪቴ ይታሰራል። ገጹ ሲንቀሳቀስ ምላሱ በቦዩ ውስጥ ይንሸራተታል። ከቃጫው ጋር ትይዩ በሚሄዱት ረጃጅም አግዳሚዎች በኩል በመያዣው ትከሻና በአግዳሚው መካከል ከ7 ሚሊ ሜትር ያላነሰ ክፍተት ይተዉ፤ አለበለዚያ ገጹ ሲሰፋ ትከሻው አግዳሚውን ገፍቶ እንደገና ይያዛል። ምላሱም በዚያው ልክ ረዘም ይበል፤ ገጹ ሲጠብ ከቦዩ መውጣት የለበትምና።

የጫፍ ጣውላዎቹን በሚመለከት ምክሬ ሳይመለሱ እንዲቀሩ ነው። የቃጫው ጫፍ በደንብ ተልጎ፣ ተፈቅፍቆና ከሌላው ክፍል በርከት ያለ ቅብ ተቀብቶ ለዓይን የማያስከፋ ገጽታ ይኖረዋል። የግድ ይመለሱ ከተባለ ኮላው በመካከሉ 10 ሴንቲ ሜትር ላይ ብቻ ይሁን፤ የቀረው በምላስና በቦይ ተገጥሞ፣ ዳር ላይ በረዘመ ቀዳዳ ውስጥ በሚያልፍ ካስማ ይያዝ። እንዲህም ተደርጎ የጫፍ ጣውላው በአንዱ ወቅት ከገጹ ጎልቶ፣ በሌላው ወቅት ገብቶ ይታያል። ይህን የማይታገሥ ሰው ባይሞክረው ይሻለዋል።

ገጹን በኮምፔርሳቶ (ከስስ የእንጨት ንብርብሮች በተጣበቀ ሰሌዳ) ወይም በኤምዲኤፍ (ከደቀቀ የእንጨት ቃጫና ከማጣበቂያ በተጨመቀ ሰሌዳ) መተካት ይቻል እንደሆነ የሚጠይቁ ብዙ ስለሆኑ ይህንም ልንካው። ኮምፔርሳቶ ንብርብሮቹ እየተሻገሩ ስለሚጣበቁ በስፋቱ የሚለወጠው በጣም ጥቂት ነው፤ ወደ አግዳሚው አጥብቆ ማሰርም ችግር የለውም። የጠረጴዛው ቦታ ከማሞቂያ አጠገብ ከሆነ ወይም ወቅቶቹ እጅግ የሚራራቁ ከሆነ አስተማማኙ ምርጫ ይህ ነው። ኤምዲኤፍም በስፋቱ የረጋ ቢሆንም፣ ውኃ በጠርዙ ከገባ በውፍረቱ ያብጥና አይመለስም፤ ለምግብ ጠረጴዛ አልመርጠውም። በእነዚህ ላይ ወፍራም ጣውላ በኮላ መለጠፍ ግን ያው የመጀመሪያው ስሕተት ነው፤ የሚለጠፈው የእንጨት ሽፋን ከ3 ሚሊ ሜትር መብለጥ የለበትም፤ በሁለቱም ገጾች ላይም መለጠፍ ይገባዋል።

የድሮውን ቫርኒሽ ሲፍቁና ገጹን በብርጭቆ ወረቀት ሲያለሰልሱ አቧራውን አይናቁት። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ የእንጨት ብናኝን በሰው ላይ ካንሰር ከሚያመጡ ነገሮች ምድብ ያስገባው በ1995 ነው። ለደቃቅ ብናኝ የተሠራ ማስክ ያድርጉ፤ መስኮት ይክፈቱ፤ ከተቻለ አቧራውን ከምንጩ በመምጠጫ ይሰብስቡ። የተልባ ዘይት ወይም በዘይት የተሠራ ቫርኒሽ የጠረጉበት ጨርቅ ተጠቅልሎ ቢጣል ዘይቱ ሲደርቅ በሚፈጥረው ሙቀት በራሱ ሊቀጣጠል ይችላል። ከቤት ውጭ ነጠላ አድርገው ዘርግተው ያድርቁት፣ ወይም ውኃ በሞላበት ክዳን ያለው የብረት ዕቃ ውስጥ ያስቀምጡት።

የጥገናውን ወሰንም ይወቁት። በትክክል የታሰረ ጠረጴዛም መንቀሳቀሱን አያቆምም፤ በደረቁ ወቅት መጋጠሚያዎቹ በጣት ጫፍ ሊዳሰሱ፣ በጫፎቹ ላይም እንደ ፀጉር የቀጠኑ ጭረቶች ሊታዩ ይችላሉ፤ እነዚህን አይንኳቸው። ጠማማ ሆኖ ያደገ ዛፍ ጣውላም በምንም ጥንቃቄ ቀጥ አይልም፤ ከእንዲህ ያለው ጋር መታገል ትርፉ ድካም ነው።

ውሳኔዬ እንግዲህ ይህ ነው፦ ስንጥቁን አይሙሉ፤ አግዳሚዎቹንና የጫፍ ጣውላዎቹን ያንሡ፤ ገጹ በክፍሉ ውስጥ እስኪረጋ ይጠብቁ፤ በስንጥቁ ቀድደው መልሰው ያጣብቁ፤ ላይና ታቹን በእኩል ቅብ ይቀቡ፤ ከዚያም በሞላላ ቀዳዳዎች ብቻ ይሰሩት። ከመግጠምዎ በፊት የገጹን ስፋት በትክክል ለክተው ከቀኑ ጋር በእርሳስ ከሥሩ ይጻፉ፤ በእርጥቡና በደረቁ ወቅት መጨረሻ ላይ ደግመው ይለኩ። የሁለቱ ልኬቶች ልዩነት ከ14 ሚሊ ሜትር በልጦ ካገኙት፣ ወይም አንዱ ቪቴ የቀዳዳውን ጫፍ ነክቶ ካዩት፣ ያን ቪቴ አውጥተው ቀዳዳውን በ3 ወይም 4 ሚሊ ሜትር በሞረድ ያርዝሙት።